ድንጋዩን ከመልቀሜ በፊት፦ የአንድ ጭንጫ ተዳፋት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ደረቅ ተራራ ጎን ላይ ባለ ተዳፋት ቁጥቋጦ ልተክል ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ዕቅድ አጭር ነበር። ድንጋዩን ለቅሞ ዳር ላይ መከመር፣ መቆፈር፣ መትከል። ሰው ጭንጫ መሬት ሲያይ ቀድሞ የሚመጣለት ይኼው ነው። ግን አንዴ የተነሣ ድንጋይ እንደነበረ ተመልሶ አይቀመጥም። ስለዚህ ከመልቀሜ በፊት ለክቼም፣ ቆፍሬም፣ ውኃ አፍስሼም አፈሩን ልወቀው ብያለሁ።

ዛሬ መለካት ብቻ ነው የሠራሁት። አንድ ሜትር ጣውላ በውኃ ልክ አስተካክዬ አግድም ያዝኩና ከቁልቁለቱ በኩል ካለው ጫፍ እስከ መሬት ለካሁ። 34 ሴንቲሜትር። ተዳፋቱ 34 በመቶ ነው ማለት ነው፤ በዲግሪ ወደ 19 ይሆናል። አምስት ቦታ ደገምኩት፣ ብዙም አይለያይም።

ቀጥሎ ድንጋዩ ምን ያህል መሬት እንደሸፈነ። 10 ሜትር ሲባጎ ላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ ቋጠሮ አሰርኩ። ዘረጋሁትና እያንዳንዱ ቋጠሮ ምን ላይ እንዳረፈ ቆጠርኩ። ከ100ው 57ቱ ድንጋይ ላይ አረፈ። 12ቱ ሣርና ቁጥቋጦ ላይ፣ የቀረው ባዶ አፈር ላይ።

ቀን 2

ጉድጓድ። ስፋቱ 60 በ60 ሴንቲሜትር። አካፋ ምንም አልሠራም፤ ሥራው ሁሉ የዲጂኖና የእጅ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ላይ ላዩን ልቅ ድንጋይ አለ፣ እንዲሁ የተቀመጠ። ከሥሩ 12 ሴንቲሜትር ያህል ቡናማ አፈር። ፍርክስ ይላል፤ በቀጫጭን ሥር ተሞልቷል። ከ12 እስከ 38 ሴንቲሜትር ቀለሙ ይነጣል፣ ድንጋዩም ይበዛል። ድንጋዮቹ ስለታም ጠርዝ አላቸው። ወንዝ ያመጣው ጠጠር እየተንከባለለ ይለሰልሳል። እነዚህ ግን ከላይ ከገደሉ ተሰብረው በስበት ብቻ የወረዱ ናቸው፣ ሩቅ አልተጓዙም። ከ38 በታች አለት ነው፤ ግን ድፍን አይደለም፣ ተሰነጣጥቋል።

ዛሬ ሁለት ነገር በቅርበት አየሁ።

አንደኛው ሥር ነው። ከላይ እርሳስ የሚያክል የቁጥቋጦ ሥር አለቱ ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ተጨፍልቆ እንደ ጥብጣብ ሆኗል። ስንጥቁ ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። ሥሩ ግን ገብቷል። በዲጂኖ ጫፍ አንዱን ሰሌዳ ድንጋይ ፈልቅቄ ሳነሣ ከኋላው ቀጭን የጭቃ ንጣፍ አለ። እርጥብ ነው። ከላይ ያለው አፈር አቧራ ሆኖ ሳለ ይኼ እጄ ላይ ተጣበቀ። አፈሩ 38 ሴንቲሜትር ላይ አለቀ ብዬ ጽፌ ነበር። ለቁጥቋጦው ግን አላለቀም።

ሁለተኛው ድንጋዮቹ ሆድ ላይ ያለው ነጭ ነው። ከ20 ሴንቲሜትር በታች ያወጣኋቸው ድንጋዮች ጀርባቸው ንጹሕ፣ ሆዳቸው ነጭ። ሁሉም እንዲያ ናቸው። በጥፍር ስፍቀው እንደ ኖራ ይረግፋል። ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ፍስስ ብሎ አረፋ አወጣ። ኖራ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ዝናብ ኖራውን አሟሙቶ ያወርደዋል። ውኃው ድንጋዩ ሆድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ሲደርቅ ኖራውን ትቶ ይሄዳል። ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ኖራው ታጥቦ በወጣ ነበር። እዚህ እስከዚህ ጥልቀት ደርሶ ይቆማል። ውኃው አብዛኛውን ጊዜ እስከምን ድረስ እንደሚወርድ ድንጋዮቹ ራሳቸው ጽፈው አስቀምጠውልኛል።

ጉድጓዱን ሳልደፍነው ሸፈን አድርጌ ተመለስኩ።

ቀን 3

ውፍረቱ በየቦታው አንድ እንዳልሆነ ስለጠረጠርኩ ብረት ዘንግ በመዶሻ እየመታሁ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። አናቱ አካባቢ 14 ሴንቲሜትር ላይ አለት መታ። መሐሉ ከ30 እስከ 40። ግርጌው ላይ 70 ሴንቲሜትሩ ዘንግ አልቆ ታች አልነካም። ድንጋይ ሲመታና አለት ሲመታ ድምፁ ይለያያል። ድንጋይ ከሆነ ዘንጉ ትንሽ ዞር ብሎ ያልፋል፤ አለት ከሆነ ክንዴ ድረስ ይነዝረኛል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከላይ ይታጠባል፣ ታች ይከማቻል። የአፈር ሳይንቲስቱ ሃንስ ጄኒ እ.ኤ.አ. በ1941 አፈርን የሚሠሩትን አምስት ነገሮች ሲዘረዝር የመሬቱን አቀማመጥ አንዱ አድርጎታል። የቀሩት የአየር ጠባይ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ መነሻው አለትና ጊዜ ናቸው። እዚህ አራቱ ከላይ እስከ ታች ብዙም አይለያዩም። አቀማመጡ ብቻ ከ14 ሴንቲሜትር ወደ 70ና ከዚያ በላይ አደረሰው።

በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ አለቱ 25 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ከተገኘ አፈሩ ሌፕቶሶል ይባላል። ቃሉ ስስ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አናቱ ሌፕቶሶል ነው። መሐሉ ግን ልኩን አልፏል። አንድ ተዳፋት ብዬ የጀመርኩት ሦስት ዓይነት መሬት ሆኖ ቁጭ አለ። ተከላውን መሐሉ ላይ አደርጋለሁ። አናቱን አልነካውም፤ 14 ሴንቲሜትሩን የያዘው ያለው ሣር ነው።

ቀን 5

ዛሬ ዋናው ልኬት፦ ከአፈሩ ምን ያህሉ ድንጋይ ነው?

ጭንጫ አፈርን እንደ ሌላው በትንሽ ቱቦ መለካት አይቻልም። ቱቦው አይገባም፤ ቢገባም ለድንጋይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ጉድጓድ ይቆፈራል። የወጣው ሁሉ ይሰበሰባል። ጉድጓዱ ስስ ላስቲክ ይነጠፍበትና በልኬት ውኃ ይሞላል። የገባው ውኃ የጉድጓዱ ይዘት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ላስቲኩ አንድ ስለት ላይ ተቀደደ። ስምንት ሊትር ካፈሰስኩ በኋላ ውኃው ዝቅ ሲል አየሁ። ቀዳዳውን እስክፈልግ ድረስ ጉድጓዱ ባዶ ሆኗል። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ውኃውን እዚህ ድረስ በትከሻዬ ነው ያወጣሁት፣ አዝኛለሁ። አዲስ ጉድጓድ ቆፍሬ ላስቲኩን ድርብ አደረግኩት።

ሁለተኛው ያዘ። 11.4 ሊትር።

የወጣውን ባለ 2 ሚሊሜትር ወንፊት አሳለፍኩት። ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ አፈር የሚባለው ያለፈው ነው። ድንጋዩን አጥቤና አድርቄ መዘንኩት፣ 15.1 ኪሎ። የአለት እፍጋት ብዙውን ጊዜ በሊትር 2.65 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የያዘው ቦታ 5.7 ሊትር ነው። የጉድጓዱ ግማሽ።

ደጋግሜ አሰላሁት። ግማሽ ነው። በእግሬ የቆምኩበት መሬት እኩሌታው ውኃ የማይዝ፣ ሥር የማይመግብ ድንጋይ ነው። ያኔ ልቤ ወደ መጀመሪያው ዕቅድ አጋደለ፤ መልቀም።

ቀን 6

ያለፈውን ደቃቅ በማሰሮ ፈተሽኩት። ቀጥ ያለ ብርጭቆ ማሰሮ፣ ውኃ፣ ትንሽ የሳሙና ዱቄት፣ ብዙ ንቅናቄ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሰፈረው አሸዋ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ የሰፈረው ደለል። የቀረው ሸክላ ነው፤ እሱ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ምልክት አድርጌ ትቼዋለሁ።

ቀን 8

ማሰሮው ጠራ። ከአሥር ሴንቲሜትሩ 6.4 አሸዋ፣ 2.5 ደለል፣ 1.1 ሸክላ። ዘዴው ግምታዊ ነው፣ ግን መልሱ አያሻማም። አሸዋ ያመዘነበት፣ ጥቂት ሸክላ ያለው አፈር።

አሁን ሒሳቡ። እንዲህ ያለ አፈር ድንጋይ ባይኖረው በአንድ ሜትር ጥልቀት 120 ሚሊሜትር ያህል ለተክል የሚሆን ውኃ ይይዛል። እኔ ያለኝ 38 ሴንቲሜትር ነው፤ እሱም ግማሹ ድንጋይ። 120ን በ0.38፣ ከዚያ ለሁለት። 23 ሚሊሜትር። በደረቅ ቀን ፀሐይና ተክል አንድ ላይ 5 ሚሊሜትር ቢወስዱ ከአምስት ቀን ያነሰ ስንቅ ነው።

ታዲያ ቁጥቋጦዎቹ ለወራት ያለ ዝናብ እንዴት ኖሩ?

ይኼ ጥያቄ ነው ሌሊቱን ያሳደረኝ። ከፊሉ መልስ ስንጥቁ ውስጥ ያለው እርጥብ ጭቃ ነው። ግን እሱም ውኃውን ከላይ ነው ያገኘው። ውኃው እዚያ እንዴት ደረሰ? የሚቀጥለው ልኬት ለዚህ ነው።

ቀን 9

የውኃ ስርገት። ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ፣ ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር። ጭንጫ ላይ አይገባምና ጥቂት ብቻ ቀብሬ ዳሩን በጭቃ ለሰንኩት። 2.5 ሴንቲሜትር ከፍታ የሚሆን ውኃ፣ ማለትም 440 ሚሊሊትር፣ በአንድ ጊዜ።

ሰዓት የያዘችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። “ጀመርክ?” ስትለኝ አፍስሼ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው በ3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጠጣ። ሁለተኛው 6 ደቂቃ። ሦስተኛውም አራተኛውም 9 ደቂቃ አካባቢ። ከዚያ በኋላ አይለወጥም።

በሰዓት ሲሰላ ከ160 ሚሊሜትር ይበልጣል። ውኃው ወደ ጎንም ስለሚሄድ ትንሽ ቆርቆሮ አጋንኖ ያሳያል። ግማሹን ብንቀንስ እንኳ ከከባድ ዝናብ አብዛኛውን ይጠጣል።

“ድንጋዩ ውኃ አይጠጣም፣ ታዲያ ወዴት ሄደ?” አለችኝ።

መልሱን እዚያው በእጃችን አገኘነው። ቆርቆሮውን አንሥተን ሥሩን ስንቆፍር እርጥበቱ ቁልቁል በድንጋዮቹ ጎን ጎን ወርዷል። አንድ እጅ የሚያክል ድንጋይ ዙሪያው ርሷል፣ ከእሱ ርቆ ያለው አፈር ገና ደረቅ ነው። ድንጋይና አፈር በሚነካኩበት ቦታ ቀጭን ክፍተት አለ። ውኃው መንገዱን በዚያ አድርጓል።

ሌላም ነገር አለ፣ ቀደም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ። ግማሹ ድንጋይ ከሆነ ያው ዝናብ የሚያርሰው አፈር ግማሽ ነው። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ጥልቅ ይወርዳል። ድንጋይ የሌለው ይህ አፈር 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲያገኝ ስምንት ሴንቲሜትር ያህል ይርሳል እንበል። ያን ውኃ ፀሐይ በጥቂት ቀን ትመልሰዋለች። ጭንጫው ላይ ያው ዝናብ 16 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ፀሐይ እዚያ ድረስ በቀላሉ አትመጣም። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ኢማኑኤል ኖይ-ሜየር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ በረሃ ሥርዓተ ምህዳር ሲጽፍ ይህን አንሥቷል። ዝናብ በበዛበት አገር ውኃ የሚይዘው ደቃቅ አፈር ይሻላል። ዝናብ ባነሰበት ግን ውኃን ቶሎ ወደ ታች የሚያሳልፈው ሻካራ አፈር ብዙ ተክል ያኖራል።

23 ሚሊሜትሩ ልክ ነው። ግን ጎተራው ብቻ እንጂ በሩ አልተቆጠረበትም።

ቀን 10

መልቀሙን በትንሹ ልሞክረው። ሁለት መደብ አዘጋጀሁ፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጎን ለጎን። ከአንዱ ላይ ልቅ ድንጋዩን በሙሉ ለቀምኩ። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። ዙሪያቸውን በጣውላ ከለልኩ። ግርጌያቸው ላይ የቆርቆሮ አሸንዳና ባልዲ።

የተለቀመው ሲታይ ያምራል። እውነቱን ለመናገር እርሻ ይመስላል።

ቀን 17

ዘነበ! ከሰዓት በኋላ፣ 40 ደቂቃ ያህል፣ ጠንካራ። ቀጥ ባለው ጣሳዬ 14 ሚሊሜትር። ሁለት ካሬ ሜትር ላይ ይኼ 28 ሊትር ነው።

ድንጋዩ ያለበት መደብ ባልዲ 2.5 ሊትር ይዟል። ከሞላ ጎደል የጠራ ነው።

የተለቀመው 9 ሊትር። ጭቃ። ባልዲው ሲሰፍር ታች ሁለት ጣት ደለል ቀረ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ የተለቀመውን አየሁት። አፈሩ ተለስኗል። ጠብታው ፈርካሳውን አፈር ደብድቦ፣ ደቃቁ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ከላይ ስስ ቅርፊት ሠርቷል። ሳልለቅማቸው የቀሩ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ጠጠሮች አሉ። እያንዳንዳቸው በትንሽ የአፈር ዓምድ ላይ ቆመዋል፤ ቁመቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ። ጠጠሩ ከሥሩ ያለውን አፈር ከጠብታው ጋርዶ አተረፈው። ዙሪያው ያለው ሦስት ሚሊሜትር ሄዷል። በአንድ ዝናብ። እንዲህ ያለ አፈር ሦስት ሚሊሜትር ለመፍጠር ቢያንስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ከሄደው ከፊሉ አሁን ባልዲ ውስጥ ነው። መልሼ በተንሁት፣ ግን ያው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ድንጋይ ሁሉ ይጠቅማል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው የእግር መንገድም በድንጋይ የተሸፈነ ነው፣ ግን ውኃው እየተንኳለለ ሲወርድበት ነበር። ልዩነቱ አቀማመጡ ነው። መንገዱ ላይ ያሉት በእግር ተረግጠው ቅርፊቱ ውስጥ እንደ ንጣፍ ተተክለዋል። ውኃ በጎናቸው መግቢያ የለውም። ተዳፋቱ ላይ ያሉት ግን ልቅ ናቸው፣ ከሥራቸው አየር አለ።

ቀን 22

ዝናቡ ካቆመ አምስት ቀን። ከሁለቱም መደብ ከ5 ሴንቲሜትር ጥልቀት 100 ግራም አፈር ወስጄ በ105 ዲግሪ አንድ ቀን ሙሉ አደረቅኩ። የተለቀመው 4 ግራም አጣ። ከድንጋይ ሥር የወሰድኩት 9 ግራም።

መልቀሙን ትቻለሁ።

ቀን 24–31

አዲሱ አሠራር፦ መትከያው ጉድጓድ ላይ ያለውን ልቅ ድንጋይ ብቻ ማንሣት፣ ጎን ማስቀመጥ፣ ከተከሉ በኋላ በችግኙ ዙሪያ መልሶ መደርደር። ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ማራቅ። በቁልቁለቱ በኩል በትልልቅ ድንጋይ ግማሽ ጨረቃ መሥራት።

ቦታ ስመርጥ ቋጥኞቹን ተከተልኩ። ቋጥኝ ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ግርጌው ይፈስሳል። አንድ ካሬ ሜትር የሚያክል ቋጥኝ 10 ሚሊሜትር ሲዘንብበት እስከ 10 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። ተፈጥሮ ቀድማኛለች፤ ሣሩም ቋጥኙን ከቦ ነው የበቀለው። ሁለት ቋጥኝ መካከል ያለው ቦታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሆነ።

ከላይ በኩል አንድ የድንጋይ መስመር ዘረጋሁ። ልኩን በባለ ሦስት እንጨት የውኃ ልክ አወጣሁ። መስመሩ ውኃ የሚያግድ ግድብ አይደለም፤ እያሳለፈ ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል። ስለሚቀርበኝ ድንጋዩን ከመስመሩ በላይ ካለው መሬት ነበር የሰበሰብኩት። ስድስት ሜትር ከሄድኩ በኋላ ወደ ኋላ ስመለከት ከመስመሩ በላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ አፈር ሠርቻለሁ። በመደቡ ላይ ያየሁትን መልሼ ልደግመው ነበር። አቆምኩና ከእግር መንገዱ ጠርዝ በዲጂኖ እየነቀልኩ ጨረስኩት። ባዶውንም በትንንሹ መልሼ ሸፈንኩት። ተጨማሪ ሁለት ቀን ወሰደ።

ቀን 33

የአሲድ መጠን መለኪያ ወረቀቱ 8 አካባቢ አሳየ። ኖራ ያለበት አፈር ላይ የሚጠበቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ብረትና ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ቢኖሩም ለተክሉ በቀላሉ አይደርሱም። ኖራ የማይወድ ተክል እዚህ ማምጣት ማሠቃየት ነው። ከነባሮቹ ቁጥቋጦዎች ዘር ያፈላኋቸውን 40 ችግኞች ብቻ ተከልኩ። ብስባሹን ከአፈሩ ጋር አልቀላቀልኩም። ከድንጋዩ ሥር አነጠፍኩት፤ ቅጠል እዚያ ነውና የሚበሰብሰው።

ቀን 46

ሁለተኛው ትልቅ ዝናብ፣ 17 ሚሊሜትር። ድንጋይ ያለበት መደብ 3 ሊትር። የተለቀመው 13። ከዝናቡ በኋላ ከተለቀመው መደብ የወሰድኳቸውን ድንጋዮች መለስኩ፤ እስከ ማታ እየደረደርኩ።

ቀን 58

11 ሚሊሜትር ዘነበ። ድንጋይ የተመለሰለት መደብ 6 ሊትር አወጣ። ያልተነካው 1.5። ድንጋዩ ተመልሷል፣ ቅርፊቱ ግን ከሥሩ አለ። የቆርቆሮውን ፈተና ደገምኩበት። ያው 440 ሚሊሊትር 38 ደቂቃ ፈጀ። አጠገቡ 9 ደቂቃ የሚወስደው።

ልቆፍረው አሰብኩና ተውኩት። ከድንጋይ ሥር ጥላና እርጥበት ካለ የሚቆፍርለት ይመጣል።

ቀን 83

ከ40ው ችግኝ 34ቱ ቆመዋል። የደረቁት ስድስቱ ሁሉም ከቋጥኝ ርቀው የተተከሉ ናቸው። የበጋውን መጨረሻ ሳላይ ግን አልቆጥራቸውም።

ወደ ተለቀመው መደብ ሄጄ አንድ መዳፍ የሚያክል ድንጋይ ቀስ ብዬ ገለበጥኩ። ከሥሩ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቋል። ጉንዳኖች ሦስት ቀዳዳ ከፍተዋል፣ ፍርክስካሽ አፈር ዙሪያውን ከምረዋል። በአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ አንድ ነጭ የሣር ሥር፣ ከክር የቀጠነ፣ ወደ ታች ገብቷል። ድንጋዩን በነበረበት ጎኑ መልሼ አስቀመጥኩት።